«ቀይ ግዛት»፣ «ወላዋይ ግዛት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሚሚ ዘቨርጂኒያ፦
ሰላም ቤተሰብ። የአሜሪካ ምርጫ ሲነሳ ሪፐብሊካን የሚያሸንፍበትን «ቀይ ግዛት»፣ ዴሞክራት የሚያሸንፍበትን «ሰማያዊ ግዛት»፣ አንዴ ለዚህ አንዴ ለዚያ የሚሆነውን ደግሞ «ወላዋይ ግዛት» እንላለን። አባቴ ግን ግራ ይገባቸዋል። ለሳቸው ቀይ ማለት ግራ ዘመም ነው። ቀይ ኮከብ፣ ቀይ ሽብር የሰሙ ሰው ናቸው። «ወግ አጥባቂዎቹ እንዴት ቀይ ሆኑ?» ይሉኛል። «ወላዋይ»ም ስድብ ስድብ ይለኛል። እናንተስ?

የድሮ መምህር፦
አባትሽ እውነታቸውን ነው። አውሮፓም ውስጥ ቀይ የሠራተኛ ፓርቲዎች ቀለም ነው። እዚያው አሜሪካም ቢሆን ነገሩ የቅርብ ጊዜ ነው። በ1976 (እ.ኤ.አ.) የቴሌቪዥን ጣቢያው ኤንቢሲ በመብራት የሚሠራ ትልቅ ካርታ ሲያቆም፣ ሪፐብሊካኑ ፎርድ ያሸነፈባቸው ግዛቶች ሰማያዊ፣ ዴሞክራቱ ካርተር ያሸነፈባቸው ቀይ በሩ። ሌሎቹ ጣቢያዎች ደግሞ እንደየፍላጎታቸው ይቀቡ ነበር። ቀለሙ የጸናው በ2000 ነው። የሪፐብሊካኑ ቡሽና የዴሞክራቱ ጎር ውጤት ፍሎሪዳ ላይ በ537 ድምፅ እስኪቋጭ ከወር በላይ ፈጀ። ያ ሁሉ ጊዜ ካርታው ከቴሌቪዥን አልወረደም። ሪፐብሊካን ቀይ፣ ዴሞክራት ሰማያዊ እንደሆነ በዚያው ቀረ። ስለዚህ «በ1984 ሪፐብሊካኑ ሬገን 49 ግዛቶችን ቀይ አደረገ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የዛሬን ቃል ለትናንት እያለበሰ ነው።

ነጠላ ሰረዝ፦
እኔን የሚከነክነኝ ቀለሙ ሳይሆን ቅጽልነቱ ነው። «ቀይ ግዛት» ሲባል እንደ ቀይ ሰው፣ ጠይም ሰው የተፈጥሮ መልክ ይመስላል። ቨርሞንትን እዩዋት። በፕሬዚዳንት ምርጫ ከ1856 እስከ 1960 አንድም ጊዜ ከሪፐብሊካን አልወጣችም። በ1936 ዴሞክራቱ ሩዝቬልት ሁሉንም ጠራርጎ ሲወስድ እምቢ ያሉት እሷና ሜይን ብቻ ነበሩ። ዛሬ የዴሞክራት ምሽግ ናት። ደቡቡ ደግሞ ከእርስ በርስ ጦርነቱ ወዲህ ለአሥርት ዓመታት የዴሞክራት ነበር። ዴሞክራቱ ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1964 የዘር መድልዎን የሚከለክለውን የሲቪል መብት ሕግ ፈረሙ። በዚያው ዓመት ሚሲሲፒ፣ አላባማ፣ ጆርጂያ፣ ሉዊዚያናና ሳውዝ ካሮላይና ለሪፐብሊካኑ ጎልድዋተር ሰጡ። ካሊፎርኒያም ብትሆን ከ1968 እስከ 1988 ስድስት ጊዜ በተከታታይ ለሪፐብሊካን ነው የሰጠችው። ይህን ለዛሬ ወጣት ስትነግሩት ይስቅባችኋል።

ሚሚ ዘቨርጂኒያ፦
የኛዋ ቨርጂኒያም እንዲሁ ናት። ከ1968 እስከ 2004 ሪፐብሊካን። በ2008 ለኦባማ ሰጠች፤ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰችም። በዋሽንግተን አጠገብ ያሉት አሌክሳንድሪያና ፌርፋክስ በሰው ሲሞሉ ነው የተለወጠችው፤ እኛም አለንበት። ታዲያ ይህ መወላወል ነው? አንዴ ዞረች እንጂ።

የድሮ መምህር፦
ወላዋይ የሚባለው ልቡ ለሁለት የተከፈለ ሰው ነው። በነዚህ ግዛቶች ግን አብዛኛው መራጭ ጎራውን ለይቷል። ቁጥሩ ስለተቀራረበ ነው ውጤቱ ወዲያና ወዲህ የሚለው። ባይደን በ2020 ጆርጂያን የወሰዱት በ11,779 ድምፅ ነው። በ2024 ለትራምፕ ሆነች። «ሚዛን ደፊ ግዛት» ብንላቸውስ?

ነጠላ ሰረዝ፦
መምህር፣ እሱ አልተዋጠልኝም። ባይደን 306 የወኪል መራጮች ድምፅ (እያንዳንዱ ግዛት ፕሬዚዳንቱን ለመምረጥ ያለው ድርሻ) ነበራቸው። የጆርጂያን 16 ብንቀንስ 290 ይቀራል፤ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው 270 ነው። ጆርጂያ ፉክክሩ የበረታባት እንጂ ሚዛን የደፋች አልነበረችም። እኔ «ያልለየለት ግዛት» እላለሁ።

ሚሚ ዘቨርጂኒያ፦
ሃሃ! ታዲያ ካሊፎርኒያ «የለየላት» ልትባል ነው? የለየለት የምንለው እኮ ሌባና እብድ ነው።

የድሮ መምህር፦
«ያልለየለት»ን ብቻ እንውሰድ። «ጨዋታው አልለየም» እንል የለ? ለሌላኛው «ዴሞክራት የሚያሸንፍበት ግዛት» ማለት ይበቃል። ይረዝማል እንጂ አይዋሽም።

ነጠላ ሰረዝ፦
ተስማማን። ሜይንና ነብራስካስ? ሌሎቹ ግዛቶች ሁሉንም ለአሸናፊው ሲሰጡ፣ እነሱ ከወኪል መራጮቻቸው የተወሰኑትን በምክር ቤት ወረዳ ነው የሚያከፋፍሉት። በ2020ም በ2024ም ሁለቱም ተከፍለዋል።

ሚሚ ዘቨርጂኒያ፦
ዥንጉርጉር ነዋ!