«ክላሽን ይችላል፤ ብሬን ግን ከጎን አይቻልም» ምን ማለት ነው?

የሐረር ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ በኦጋዴን ጦርነት፣ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ ቢቲአር የሚባለው ብረት ለበስ ተሽከርካሪ ሾፌር ነበር። የማስታወሻ ደብተሩን ለልጆቼ በኮምፒውተር እየገለበጥሁ ሳለ እዚህች ላይ ቆምሁ፦ «ቢቲአሩ ክላሽን ይችላል፤ ብሬን ግን ከጎን አይቻልም።» «ይችላል» ያለው ጥይቱን ይቋቋማል ለማለት ነው? ከሆነስ ሁለተኛውን ለምን «አይችልም» ሳይል «አይቻልም» አለው? ደግሞም ሁለቱም መሣሪያዎች 7.62 ሚሊሜትር ናቸው ሲባል ሰምቻለሁ። አንዱ ተችሎ ሌላው እንዴት አይቻልም?

ጡረተኛው ሻምበል፦
ልጄ፣ አባትሽ የጻፉት ልክ ነው። እኛ ሠራዊት ውስጥ ብሬን የምንለው ፒኬኤም የተባለውን የሩሲያ መትረየስ ነው፤ ስሙ ከቼኩ ብርኖና ከእንግሊዙ ኤንፊልድ ተገጣጥሞ ከወጣለት ከጥንቱ መትረየስ ወርዶ የቀረ ነው። የአፈሙዙ ስፋት ከክላሽ ጋር አንድ ነው፤ ቀለሁ፣ ባሩዱን የሚይዘው ቀፎ፣ ግን አንድ አይደለም። የክላሹ 39 ሚሊሜትር፣ የብሬኑ 54 ሚሊሜትር ይረዝማል። ባሩዱ በዚያው ልክ ይበዛል። የክላሹ ጥይት 8 ግራም ያህል ሆኖ በሰከንድ 715 ሜትር ይወጣል፤ የብሬኑ ከ9 ግራም በላይ ሆኖ 825 ሜትር ገደማ። የቢቲአር 60 የጎን ብረት ደግሞ 10 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። የፊቱ ብረት በጣም ያዘነበለ ስለሆነ ጥይት ያንሸራትታል፤ «ከጎን» ማለታቸው ለዚህ ነው። በተለይ ውስጡ ጠንካራ ብረት ያለው ብረት በሺ ጥይት ከቅርብ ከመጣ ሰው ይጎዳል።

መሪጌታ ዘዲማ፦
ሻምበል የመሣሪያውን ነገር ተናገሩ፤ የቃሉን ነገር ግን ዘለሉት። ቻለ ከግዕዙ ክህለ የወጣ ነው፤ ካፉ፣ ከ፣ ወደ ቸ ሄደ፤ ሆይዋ፣ ሀ፣ ወደቀች። ከሃሌ ኵሉ ስንል ሁሉን የሚችል ማለታችን ነው። ይህ ግስ ተሳቢ ሲይዝ ማሸነፍ ነው። መዝሙረኛው ጠላቶቹን «አልቻሉኝም» ሲል አላሸነፉኝም ማለቱ ነው። እንግዲህ «ክላሽን ይችላል» ያለው ሰው ክላሽን ያሸንፋል ብሏል። መቋቋም የሚለው አነሰ።

ተርጓሚዋ፦
መሪጌታ፣ በአክብሮት እቃወማለሁ። «ድልድዩ አሥር ቶን ይችላል» ስንል ድልድዩ ጭነቱን አሸነፈ ማለታችን ነው? ተሸከመ ማለታችን ነው። ይህ ትርጉም ለክህለ ሳይሆን ለግዕዙ ጾረ ይቀርባል። አማርኛችን የሁለት ግሶችን ሥራ ለአንድ ቃል አሸክሞታል። «ችሎ ኖረ» የምንለው ሰው ማንንም አላሸነፈም።

መሪጌታ ዘዲማ፦
ችሎ የኖረ ሰው ራሱን አሸንፏል። እኅቴ፣ ግሱን በዚህ በኩል ይመልከቱት።

አንባቢ ከሙኒክ፦
ሁለታችሁም ሦስተኛውን መንገድ አላያችሁትም። ቢቲአር 60 ፒቢ ከጎንና ከጎኑ የመተኮሻ ቀዳዳዎች አሉት። «ክላሽን ይችላል» ማለት በቀዳዳው ክላሽ አውጥቶ መተኮስ ይቻላል፣ ብሬን ግን ከነሸንሸሉ፣ ከነጥይት ሰንሰለቱ፣ በዚያ ቀዳዳ አይመችም ማለት ቢሆንስ? «ከጎን» የሚለውና «አይቻልም» ተብሎ በተደራጊ መጻፉ ለዚህ ንባብ ይመቻል።

ጡረተኛው ሻምበል፦
ወንድሜ፣ እኔ እዚያ ውስጥ ተቀምጬ የሄድሁ ሰው ነኝ። ወታደር «ይችላል» ሲል ብረቱን ነው። ዛሬም መለኪያው በዚሁ ተራ የወጣ ነው። የኔቶ 4569 የሚባለው ደንብ በሁለተኛው ደረጃ የክላሹን ብረት በሺና አቃጣይ ጥይት ከ30 ሜትር ርቀት እንዲችል ይጠይቃል፤ የብሬኑን ዓይነት፣ 54 ሚሊሜትር ቀለህ ያለውን፣ የሚጠይቀው በሦስተኛው ነው። የከባዱን መትረየስ 14.5 ሚሊሜትር ጥይት በአራተኛው፣ ያውም ከ200 ሜትር። አንዱን ደረጃ የቻለ ተሽከርካሪ የሚቀጥለውን ላይችል ይችላል።

ተርጓሚዋ፦
«ላይችል ይችላል»! ሻምበል፣ ሁለቱን ትርጉም በአንድ ትንፋሽ አሉልን። የመጀመሪያው መሸከም፣ ሁለተኛው ምናልባት። ማስረጃዬ ይኸው።

የአንኮበር ሰው፦
ይቅርታ፣ ስለ ጥይት ከተነሣ እኔም አንድ ነገር ልበል። የቀድሞ ሰዎች ጥይትን ዓረር ይሉት ነበር። የሚያሳርር ስለሆነ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ያቃጥላልና።

መሪጌታ ዘዲማ፦
ይህን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ወጥ አረረ የምንለው ከሐረረ የመጣ ነው፤ ሐመሩ ሐ ነው። ዓረር ግን በዓይኑ ዐ ይጻፋል፤ ትርጉሙም እርሳስ፣ ከባዱ ማዕድን ነው። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 15 ላይ የፈርዖን ሠራዊት እንደ ዓረር ሰጠመ ይላል፤ ባሕር ውስጥ ማን አረረ? ፊደላቱ በአማርኛ ንግግር አንድ ድምፅ ስለሆኑ በዘፈቀደ የሚጽፋቸው ሰው ሥሩን ያጣል።

አንባቢ ከሙኒክ፦
ይህ ከጥያቄውም ጋር ይገናኛል። ውጅግራ የሚባለው የአያቶቻችን ጠመንጃ ባለ 11 ሚሊሜትር ነበር፤ ጥይቱም እርሳስ ስለሆነ ዓረር መባሉ በትክክል ይገባዋል። ለስላሳ እርሳስ ብረት ሲመታ ይጠፈጠፋል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ደምበጉና ላይ የራስ እምሩ ሰዎች የጣሊያንን ትንንሽ ታንኮች ከብበው፣ ላያቸው ላይ እየወጡ ነው ያሸነፏቸው። የእነዚያ ታንኮች ብረት ከ6 እስከ 14 ሚሊሜትር ብቻ ነበር፤ ብረት በሺ ጥይት በብዛት ቢኖር ከሩቅ ይበሳቸው ነበር። ጀርመኖች በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝን ታንክ ብረተ ልብ በሆነ የጠመንጃ ጥይት ይመቱ ነበር፤ እንግሊዞች በ1917 እ.ኤ.አ. ማርክ 4 የተባለውን ታንክ ብረቱን አወፍረው ያወጡት ያን ለመከላከል ነው።

የአንኮበር ሰው፦
እርሳሱ ቀልጦ ስለሚሠራስ? ቀለጠ፣ አረረ፤ ቅርብ ናቸው።

መሪጌታ ዘዲማ፦
ቅርብ አይደሉም። አንዱ ሐ፣ ሌላው ዐ ነው።

የሐረር ልጅ፦
ስለ ሁሉም አመሰግናለሁ። እኔ ግን የግርጌ ማብራሪያውን እስከ አሁን አልጻፍሁም። ይቋቋማል ልበል ወይስ በቀዳዳው መተኮስ ይቻላል? አባቴ በሚቀጥለው መስመር «ጎኑን ለጠላት አንሰጥም» ብሏል።

ጡረተኛው ሻምበል፦
ይኸው! ጎን የማይሰጠው ብረቱ ስለሚሳሳ ነው።

አንባቢ ከሙኒክ፦
ወይም በጎን በኩል በብሬን መልስ መስጠት ስለማይቻል። ደብተሩ ላይ ስለ ቀዳዳው የተጻፈ ሌላ ቦታ ካለ ይለጥፉልን።

መሪጌታ ዘዲማ፦
ከዚያ በፊት ተርጓሚዋ አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ጾረ ውስጥ የመቋቋም ትርጉም አለ ካሉ፣ ያለ ጭነት የተነገረበትን አንድ ጥቅስ ያምጡ።

ተርጓሚዋ፦
አመጣለሁ። ከቅዳሜ በፊት ግን አይሆንም፤ መጽሐፎቼ ሌላ ቤት ናቸው።