ዶርም ውስጥ መራራቅ ካልተቻለ የትኛው ጥንቃቄ ይቅደም?

ጥያቄ፦ ስድስት ተማሪ በሚያድርበት ክፍል 2 ሜትር መራራቅ የማይታሰብ ነው። ሌክቸር ላይ ማስክ ያደረገውም ዶርም ሲገባ ያወልቃል። እንደ ኮቪድ ባለ ወረርሽኝ በእርግጥ የሚጠቅመው የትኛው ነው?

መልስ 1፦ አየሩ ይቅደም። መስኮትና በር ባንዴ ሲከፈቱ አየሩ ገብቶ ይወጣል፤ አንዱ ብቻ ሲከፈት ግን አየሩ በደንብ አይለወጥም። በተደራራቢ አልጋ የላዩ ተማሪ ራስጌውን በታችኛው ግርጌ በኩል ያድርግ፤ በጎን ለተጠጋጉትም እንዲሁ።

መልስ 2፦ ማስክ ላይ የሚበላሸው አፍንጫው ጋ ነው። ሽቦው በሁለት ጣት ተጭኖ ካልታጠፈ ትንፋሹ በላይ ያመልጣል፤ መነጽር ጉም ከለበሰ ምልክቱ ያ ነው። የረጠበ ማስክ ይቀየር። ሳኒታይዘር አልኮሉ ቢያንስ 60% ሆኖ እስኪደርቅ ይታሽ፤ ብዙው ሰው ሳይደርቅ ልብሱ ላይ ይጠርገዋል።

መልስ 3፦ ለበር እጀታ 5% በረኪና ከሆነ 1 እጅ በ49 እጅ ውሃ፣ በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ። ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ መርዛማ ጋዝ ሊወጣው ይችላል።

መልስ 4፦ እኔ ከሁሉ የማስቀድመው ሌላ ነው። ተማሪ ትኩሳቱን የሚደብቀው ፈተና እንዳያልፈው ፈርቶ ነው። የማካካሻ ፈተናና ምግብ የሚያደርስለት ሰው አስቀድሞ ካልተረጋገጠለት ለይቶ ማቆያ አይገባም።