ክርክር፦ በውጭ አገር የሚፈለግ ሰው በኢንተርፖል ማስጠንቀቂያ ብቻ ይያዝ ወይ?

አወያይ፦ ሌላ አገር የሚፈልገው ሰው እዚህ ጎንደር ተገኘ እንበል። የአገሮች ፖሊሶች የሚተባበሩበት ድርጅት ኢንተርፖል ያሰራጨው ቀይ ማስጠንቀቂያ፣ ማለትም ‘ይህን ተፈላጊ ፈልጋችሁ ያዙልን’ የሚል ጥያቄ፣ አለበት። ፖሊስ ወዲያው ይያዘው ወይስ መጀመሪያ ፍርድ ቤት ይየው?

የአዘዞዋ እናት፦ ይያዝ እንጂ! ልጆቻችንን በመተማ አሻግረው ሊቢያ ላይ አግተው ብር የሚያስልኩን ደላሎች ናቸው እኮ። በሰው አዘዋዋሪነት የተከሰሰው ኪዳነ ዘካርያስ አዲስ አበባ ላይ ከፍርድ ቤት አመለጠ። እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ሱዳን ላይ ሲያዝ ኢትዮጵያም ኔዘርላንድስም ቀይ ማስጠንቀቂያ አውጥተውበት ነበር። ዝም ቢባል ኖሮስ?

የሕግ ተማሪ (ማራኪ)፦ እትዬ፣ ማስጠንቀቂያው የእስር ትእዛዝ አይደለም። ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ያለው የኢንተርፖል ጽሕፈት ቤት የአንዱን አገር ጥያቄ ለ196 አባላት ያስተላልፋል፤ ሄዶ የሚያስር ፖሊስ የለውም። እኛ ዘንድ የሚቀበለው በፌዴራል ፖሊስ ሥር ያለው ቢሮ ነው፤ ይያዝ አይያዝ የሚለውን የየአገሩ ሕግ ይወስናል። ሰውየው ኢትዮጵያዊ ከሆነ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 21 መሠረት ተላልፎ አይሰጥም፤ እዚሁ ይዳኛል።

የመተማ መስመር ሾፌር፦ ምስክሩ ሊቢያ፣ ገንዘቡ ዱባይ፣ ሱዳን ጦርነት ላይ። እዚህ በምን ማስረጃ ይፈረድበታል?

ጡረተኛ ፖሊስ፦ እኔን የሚያስጨንቀኝ የሰው መሳሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ካርቱም ላይ አንድ ኤርትራዊ ወጣት የአዘዋዋሪዎች አለቃ ነህ ተብሎ ተይዞ ለጣሊያን ተሰጠ። የሚያውቁት ሁሉ እሱ አይደለም እያሉ ጮኹ። የፓሌርሞ ፍርድ ቤት የሚፈለገው ሌላ ሰው ነው ብሎ የለቀቀው በ2019 ነው። ሁለቱን ያመሳሰላቸው የመጠሪያ ስም ነበር! እኛ ደግሞ በስምና በአባት ስም የምንጠራ ሰዎች ነን፤ አንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳ ሞክሼ ሞልቷል። የልደት ዘመኑም በእነሱና በእኛ አቆጣጠር ሰባት ስምንት ዓመት ይራራቃል። አሻራ ሳይመሳከር ማንም ተላልፎ መሰጠት የለበትም።

የአዘዞዋ እናት፦ አሻራው እስኪመጣ ይጠፋላ!

ጡረተኛ ፖሊስ፦ አሻራ ዛሬ በደብዳቤ አይጠበቅም። የኢንተርፖል አባል አገሮች የሚገናኙበት መረብ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ሌሊትም ቀንም ይሠራል። ጥያቄው ኬላ ላይ የቆመው ልጅ መስመሩ አለው ወይ ነው። መንግሥትን አጥብቀን መጠየቅ ያለብን ይህን ነው።

የፒያሳ ነጋዴ፦ የፖለቲካ ሰው ቢሆንስ? ጠላቱን በወንጀል ስም የሚያሳድድ መንግሥት ሞልቷል።

የሕግ ተማሪ፦ የኢንተርፖል ደንብ አንቀጽ 3 የፖለቲካ፣ የወታደራዊ፣ የሃይማኖትና የዘር ጉዳይ ውስጥ መግባትን ይከለክላል። ግን ከሳሹ መንግሥት ጉዳዩን ሌብነት ብሎ ቢልከውስ? ለዚህ ነው ዳኛ ይየው የምለው። እትዬ፣ ይያዝ ካሉ ግን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ።

የአዘዞዋ እናት፦ በ48 ሰዓቱ እስማማለሁ ልጄ። በዋስ ወጥቶ በዚያው በመተማ እንዳይሻገር ግን ማነው ኃላፊነት የሚወስደው? እሱን መልሱልኝ።