የኤሌክትሪክና የሃይብሪድ መኪና ሻጮች ማስታወቂያ ግራ አጋብቶናል፤ ከአዳማ እስከ መርካቶ ለሚመላለስ ሰው የትኛው ይሻላል?

ጠያቂ፦ ባለ ሱቋ፣ አዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አለን። ዕቃ ለማምጣት እኔና ባለቤቴ በየሳምንቱ መርካቶ እንወጣለን፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ቤተሰብ ለመጠየቅ አሰላ እንሄዳለን። ዕቁባችን ስለ ደረሰ ከቁጠባችን ጋር ጨምረን መኪና ልንገዛ ነው።

ሁለት ምርጫ ቀርቦልናል። አንዱ ቢዋይዲ ሲጋል የሚባለው ትንሽ የቻይና የኤሌክትሪክ መኪና ነው፤ ዜሮ ኪሎ ሜትር፣ ትንሹ ባትሪ (30 ኪሎዋት ሰዓት)። ማስታወቂያው «በአንድ ቻርጅ 305 ኪ.ሜ.፤ አዳማ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ያለ ሐሳብ» ይላል። በዚያ ላይ ቻርጀር በነፃ፣ የአንድ ዓመት ኢንሹራንስ በነፃ፣ ግማሹን ከፍሎ ቀሪውን በ12 ወር ያለ ወለድ፣ «በልዩ የታክስ ቅናሽ»፣ ይህ ሁሉ እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ።

ሁለተኛው አገር ውስጥ ሲነዳ የቆየ ቶዮታ ሃይብሪድ (በቤንዚንም በባትሪም የሚሠራ) ነው። ሻጩ «ራሱን በራሱ ቻርጅ ያደርጋል፣ የቤንዚን ወጪን በግማሽ ይቀንሳል» ይላል። ሁለቱን መኪኖች የሚያወዳድር ሠንጠረዥም ልኮልናል፤ ሥሩ ላይ «መብራት ሲጠፋ እናንተ አትቆሙም» የሚል አለበት። ይህን ለኤሌክትሪኩ ሻጭ ብናሳየው «ሃይብሪድ ሁለት ሞተር፣ ሁለት ወጪ ነው» አለን።

ባለቤቴ ልቡ ወደ ኤሌክትሪኩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ስጦታው ነው። እውነት ተጠቃሚ ያደርገናል ወይስ ዋጋው ውስጥ አስቀድሞ ገብቷል? 305 ኪሎ ሜትሩስ በእኛ መንገድ ይሠራል? የምታውቁ እባካችሁ ምከሩን።

መልስ 1፦ የፍጥነት መንገድ ሹፌር

እህቴ፣ በዚሁ መንገድ ኤሌክትሪክ መኪና ስለምነዳ ከኪሎ ሜትሩ ልጀምር። 305 የሚለው ቁጥር ውሸት አይደለም፤ ግን የተለካው ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና መለኪያ ነው። ያ መለኪያ የከተማ መንዳት የበዛበት ሲሆን አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። ይኸው መኪና አውሮፓ ውስጥ ዶልፊን ሰርፍ በሚል ስም ሲሸጥ፣ ባለ 30 ኪሎዋት ሰዓቱ በአውሮፓው መለኪያ በደብልዩኤልቲፒ 220 ኪ.ሜ. ብቻ ነው የተጻፈለት። ባትሪው ያው 30 ነው፤ በዋናነት የተለየው መለኪያው ነው። ስለዚህ ማንኛውም ሻጭ ኪሎ ሜትር ሲነግራችሁ «በየትኛው መለኪያ?» በሉት።

አሁን ወደ መንገዳችን እንምጣ። ከአዳማ መሀል እስከ መርካቶ 100 ኪ.ሜ. ገደማ ነው። መርካቶ ከአዳማ በ700 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ይህን ከፍታ ለመውጣት ብቻ ሲጋልን የሚያህል መኪና ሁለት ሰው ይዞ ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ከትንሹ ባትሪ አንድ አሥረኛው ማለት ነው። በፍጥነት መንገዱ ላይ በ110 ከነዳችሁ ደግሞ የአየር ተቃውሞው ራሱ ኃይል ይበላል፤ ለ100 ኪ.ሜ. 15 ወይም 16 ኪሎዋት ሰዓት አስቡ። ስለዚህ መውጣቱ 18 ወይም 19 ይወስዳል። ስትመለሱ ቁልቁለቱ ላይ መኪናው ፍሬን ሲይዝ መልሶ ባትሪውን ስለሚሞላ 13 ወይም 14 ይበቃል። ድምሩ 32 ገደማ ሆነ፤ ባትሪያችሁ ግን 30 ነው።

በ85 ወይም በ90 ረጋ ብላችሁ ከነዳችሁ 25 አካባቢ ይበቃል፤ ትደርሳላችሁ። ግን «ያለ ሐሳብ» አይደለም። በአዳማ ሙቀት ኤሲ ትከፍታላችሁ፣ ንፋሱም ከፊት ሲመጣ ይሰማል (የንፋስ ኃይል ማመንጫው እዚህ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም)። ወይ አዲስ አበባ ላይ ጥቂት ቻርጅ ማድረግ፣ ወይ ትልቁን ባትሪ መግዛት ነው። ትልቁ ሲጋል 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በቻይናው መለኪያ 405 ኪ.ሜ. ይባላል። ለእናንተ መንገድ እሱ ነው መኪናው። አሰላም ያው ከፍታው ከአዲስ አበባ የሚቀራረብ ስለሆነ ሂሳቡ ተመሳሳይ ነው፤ መንገዱ አጠር ይላል እንጂ።

መልስ 2፦ የባንክ ባለሙያ

እኔ የምጨነቀው «ያለ ወለድ» ለሚለው ነው። ሻጩን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ «ሙሉውን ዛሬ በአንድ ጊዜ ብንከፍል ስንት ነው?» ከዱቤው ዋጋ ካነሰ፣ ልዩነቱ ወለድ ነው።

በምሳሌ ላሳይሽ፤ ቁጥሮቹ የሂሳብ ማሳያ ናቸው እንጂ የዚያ መኪና ዋጋ አይደሉም። በአንድ ጊዜ ሲከፈል 2,000,000 ብር፣ በዱቤ 2,200,000 ብር ነው እንበል። አንድ ሚሊዮን ቅድሚያ ከፈላችሁ፤ ቀሪው 1,200,000 በየወሩ 100,000 ለ12 ወር። በእውነት የተበደራችሁት ግን አንድ ሚሊዮን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም መኪናው በጥሬ ገንዘብ ሁለት ሚሊዮን ነበር። ሁለት መቶ ሺሕው «አሥር በመቶ» ይመስላል። ዕዳው በየወሩ እየቀነሰ ስለሚሄድ ግን በዓመት ሲሰላ ወደ 35 በመቶ የሚጠጋ ወለድ ነው። ይህን አውቃችሁ ከወሰዳችሁት ችግር የለውም። ሳታውቁት መውሰድ ነው የሚጎዳው።

ኢንሹራንሱንም እንዲሁ። የሦስተኛ ወገን ነው ወይስ ሙሉ? የሦስተኛ ወገን በሕግ ግዴታ ነው፣ ዋጋውም ከሙሉው በብዙ ያንሳል። የራሳችሁ መኪና ቢጋጭ አይሸፍንም። «ነፃ ኢንሹራንስ» የሚል ማስታወቂያ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል።

«እስከ ወሩ መጨረሻ» የሚለውንም አትፍሩት። የሽያጭ ሠራተኛ ኮሚሽኑ በወር ኮታ ሲሆን፣ አስመጪውም ከአምራቹ ጋር የሽያጭ ብዛት ሲስማማ፣ ወር ሲያልቅ ጥድፊያ ይመጣል። ጥድፊያው የእነሱ ነው፤ ለእናንተ ግን የመደራደሪያ ጊዜ ነው።

መልስ 3፦ ግብር ከፋይ

አጭር ነገር ልጨምር። «ልዩ የታክስ ቅናሽ» የሚባለው የሻጩ ስጦታ አይደለም። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርጎ፣ የጉምሩክ ቀረጡ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ እዚህ ለሚገጣጠመው ዜሮ ተደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ መታገዱ ተነገረ። ያንን ጥቅም ሁሉም አስመጪ ያገኘው ነው። አንዱ ሻጭ «ለእናንተ ብቻ» ሲል ዋጋውን ከሌላው አስመጪ ጋር አወዳድሩት።

መልስ 4፦ ጋሽ መካኒክ

ልጄ፣ ሃይብሪዱን እኔ ልንገርሽ፤ ሰው ስለ እሱ ሳያውቅ ነው የሚያወድሰውም የሚያጥላላውም።

«ራሱን ቻርጅ ያደርጋል» የሚለው አባባል ያሳስታል። ሶኬት የሌለው ሃይብሪድ ያለው ኃይል በሙሉ ከቤንዚን የመጣ ነው። ፍሬን ሲያዝ መልሶ የሚያጠራቅመውም መጀመሪያ በቤንዚን የተገፋውን ነው። ኖርዌይ ውስጥ የሸማቾች ባለሥልጣኑ የቶዮታው ሌክሰስ ይህን አባባል በማስታወቂያው እንዳይጠቀም በ2020 (እ.ኤ.አ.) ከልክሎታል። ፎርድም ሲ-ማክስ ሃይብሪድን በጋሎን 47 ማይል ይሄዳል ብሎ ካስተዋወቀ በኋላ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ቁጥሩን ወደ 43 አውርዶ፣ ለገዙት ሰዎች 550 ዶላር ካሣ ከፍሏል። ስለዚህ የሃይብሪድ ቁጥርም ሳይጠየቅ አይታለፍም።

«ግማሽ ቤንዚን» የሚባለው ከተማ ውስጥ፣ ቆም ሄድ በሚበዛበት ላይ እውነትነት አለው። ባትሪው የሚያግዘው እዚያ ነው። በፍጥነት መንገድ ላይ በአንድ ፍጥነት ሲሮጥ ግን ሥራውን የሚሠራው የቤንዚን ሞተሩ ስለሆነ ጥቅሙ በጣም ይቀንሳል። የእናንተ ጉዞ ደግሞ አብዛኛው እዚያ ላይ ነው።

ሆኖም የቶዮታ ሃይብሪድ ጥሩ ሥራ ነው፤ ፕሪየስ ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተፈተነ ነው። «ሁለት ሞተር ሁለት ወጪ» ያለው ሰው አላየውም ማለት ነው፤ ፍሬን ሸራው እንኳ ከተራ መኪና የበለጠ ይቆያል። አደጋው ያለው ያረጀ ባትሪ ላይ ነው። በብዙዎቹ ላይ ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው አየር ከኋላ ወንበር አጠገብ ባለ ቀዳዳ ይገባል። እዚህ አገር አቧራ፣ የጨርቅ ብናኝም ካለበት፣ ያ ቀዳዳ ይደፈንና ባትሪው በሙቀት ያልቃል። ሳትገዙ በኮምፒውተር አስመርምሩ፤ የእያንዳንዱ የባትሪ ክፍል ቮልቴጅ ተቀራራቢ መሆን አለበት። ሻጩ ምርመራውን እምቢ ካለ ተዉት።

አንዱ የሌላውን እያጥላላ መሸጥ ደግሞ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በባትሪ ብቻ የሚሄደው ኒሳን ሊፍና የቤንዚን ሞተርም ያለው የጄኔራል ሞተርስ ሸቭሮሌት ቮልት አሜሪካ ውስጥ በ2010 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ተከታትለው ሲወጡ፣ ጄኔራል ሞተርስ ሰዉ ቻርጅ ያልቅብኛል ብሎ የሚፈራውን ፍርሃት መሸጫ አደረገው። ኒሳን ደግሞ በማግሥቱ ዓመት የቮልት ባለቤት ማደያ ቆሞ ቤንዚን ሲቀዳ የሚያሳይ ማስታወቂያ ሠራ። ሁለቱም ያሳዩት የሌላውን ድክመት ብቻ ነበር።

ጠያቂ፦ ባለ ሱቋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ተማርን። የነገራችሁኝን ይዤ ሁለቱንም ሻጮች ጠየቅኋቸው። የኤሌክትሪኩ ሻጭ በአንድ ጊዜ ከተከፈለ ዋጋው እንደሚቀንስ አመነ። ኢንሹራንሱ የሦስተኛ ወገን ነው። ቻርጀሩ በእጅ የሚያዝ ሆኖ ተራ ሶኬት ላይ የሚሰካ ነው። ትልቁ ባትሪ አለው፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። የሃይብሪዱ ሻጭ ምርመራውን «አያስፈልግም» አለኝ።

አሁን ወደ ኤሌክትሪኩ አዘንብለናል። ስለ ቻርጀሩና ስለ ዋስትናው ምን ልጠይቅ? «ባትሪው የ8 ዓመት ዋስትና አለው» ይላል።

መልስ 5፦ ኤሌክትሪሺያን፣ አዳማ

ቻርጀሩ ተራ ሶኬት ላይ ከሆነ 3 ኪሎዋት ተኩል ገደማ ነው የሚሰጠው። ትልቁን ባትሪ ከባዶ ለመሙላት ከ11 ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ማታ ሰክቶ ማደር ነው። ለዚህ ከቆጣሪው ለብቻው የተዘረጋ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና በትክክል የተቀበረ ኧርዝ ያስፈልጋል። ማከፋፈያ ገመድ ላይ አትሰኩ፤ ሌሊቱን ሙሉ ያንን ያህል ኃይል ሲጎትት ይቀልጣል። ይህን ወጪ ማስታወቂያው አይነግራችሁም፤ ዋጋው ላይ ደምሩት።

የሶኬቱን ዓይነትም ጠይቁ። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ጂቢቲ የሚባለውን ነው የሚይዘው፤ ለአውሮፓ የተሠራው ሲሲኤስ 2 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. እንደከፈተው ዓይነት ፈጣን ጣቢያ ስትሄዱ የእናንተን የሚገጥም መሰኪያ መኖሩን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

መልስ 6፦ የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ

በዋስትናው ላይ እኔ ልመልስ። የ8 ዓመት ዋስትና አምራቹ በአገሩ ለገዛው ሰው የሚሰጠው ሊሆን ይችላል። ቻይና ውስጥ ካለው የዋጋ ጦርነት የተነሣ ሳይነዱ «ያገለገለ» ተብለው የሚሸጡ መኪኖች አሉ፦ ኮታ ለመሙላት ሲባል አንድ ጊዜ በሰው ስም ተመዝግበው ወዲያው ይሸጣሉ። ኪሎ ሜትሩ ዜሮ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን እናንተ ሁለተኛ ባለቤት ናችሁ፣ ዋስትናውም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ዲክላራሲዮኑን (መኪናው የገባበትን የጉምሩክ ሰነድ) እዩ፤ የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናው ጋር አመሳክሩ፤ አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ ተብሎ እንደገባ አንብቡ።

ዋስትናውን የሚሰጠው ማን እንደሆነ፣ የትኛው ጋራዥ እንደሚጠግን፣ ባትሪው ከስንት በመቶ በታች ሲወርድ እንደሚቀየር በጽሑፍና በማኅተም ይስጧችሁ። በማስታወቂያ የተነገረውም ሁሉ ውሉ ውስጥ ይግባ። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 አሳሳች ማስታወቂያንም፣ ዕቃን ከተፎካካሪ ጋር በሐሰት ማወዳደርንም ይከለክላል፤ የማስታወቂያ አዋጁ 759/2004ም አለ። ያንን የላኩላችሁን ሠንጠረዥና ማስታወቂያውን ከስልካችሁ አታጥፉ። ኋላ ክርክር ቢመጣ ማስረጃችሁ እሱ ነው።

ጠያቂ፦ ባለ ሱቋ

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ልጨምር። ሻጩ ዋጋ አልቀንስም፣ ግን ስጦታውን ላብዛላችሁ እያለ ነው፤ ምንጣፍና የመስታወት ፊልም ጨመረ። ምን ልበለው?

መልስ 7፦ የፍጥነት መንገድ ሹፌር

ስጦታውን ሁሉ መልሺለትና በምትኩ የትልቁን ባትሪ ዋጋ እንዲቀንስልሽ ጠይቂው። ምንጣፍ አዳማ ገበያ ውስጥም ይገኛል፤ ባትሪ ግን ከገዛሽ በኋላ አይጨመርም። ኢንሹራንሱንም ራሳችሁ ሙሉውን ግቡ።

ከዚያ ቀብድ ሳትሰጡ መኪናውን ይዛችሁ መርካቶ ውጡ፤ ሻጩ አብሮ ይቀመጥ። ከአዳማ መቶ በመቶ ሞልታችሁ ተነሡ፣ ኤሲውን ክፈቱ፣ እንደ ልማዳችሁ ንዱ። የባትሪውን ፐርሰንት ከፍጥነት መንገዱ ቱሉ ዲምቱ ላይ ስትወጡ አንድ ጊዜ፣ መርካቶ ስትደርሱ አንድ ጊዜ ጻፉት። በትልቁ ባትሪ መርካቶ ላይ 50 አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ከቀረ፣ መመለሻው ቁልቁለት ስለሆነ በቂ ነው። ከ45 በታች ከሆነ ፍጥነት መቀነስ ወይም እዚያ ቻርጅ ማድረግ ይኖርባችኋል። ሻጩ ለዚህ ፈቃደኛ ካልሆነ ይኸው መኪና ሌላ አስመጪ ዘንድ አለ።