የዕቅድ ውይይት፦ ለአሜሪካ መንግሥት ሁለተኛ ዙር የኮሮና የእርሻ ድጎማ የጋራ ደብዳቤ (ሜሪላንድ፣ ኖቬምበር 2020)

ጸሐፊ፦ ማመልከቻው ዲሴምበር 11 ይዘጋል። የመጀመሪያው ዙር ሴፕቴምበር 11 ሲዘጋ ከመካከላችን ያመለከተው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያኔ ያመለጠን ይበቃል። ረቂቁን ለጥፌዋለሁ። የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ማመልከቻ የሚቀበለው የካውንቲው (የወረዳው) የእርሻ ቢሮ አንድ ቀን ለይቶ ሁላችንንም እንዲያስተናግደን፣ አስተርጓሚም እንዲመድብልን። አስተያየት እስከ ሐሙስ።

ባለጎመኗ፦ የአማርኛው ቅጂ ገና ሲጀምር «እኛ ገበሬዎች» ይላል። ይታረም። አርሶ አደር ነው የሚባለው።

ገንዘብ ያዥ፦ ቢሮው የሚያነበው እንግሊዝኛውን ነው። ወደ ገንዘቡ እንግባ። የአትክልት ድጎማ የሚሰላው በ2019 በሸጥነው ነው። ከ50 ሺህ ዶላር በታች የሸጠ 10.6 ከመቶ ያገኛል። 20 ሺህ ለሸጠ 2,120 ዶላር ማለት ነው። ለእኔ አትክልት የማበቅልበትን የላስቲክ ቤት ሽፋን ይቀይርልኛል።

ባለቃሪያው፦ አባቴ ጎጃም ገበሬ ነበሩ። ገበሬ እንደተባሉ ነው የሞቱት። ምን ነውር አለው?

ባለጎመኗ፦ ነውር ነው ወጣኝ? «አሜሪካ ሄዳ ገበሬ ሆነች» ብለው ዘመዶቼ ስቀውብኛል። በራሳችን ወረቀት ላይ እንኳ በክብር እንጠራ!

ባለዶሮው፦ አርሶ አደር ካላችሁ እኔ የለሁበትም። አላርስም፣ ዶሮ ነው የማረባው። እንቁላልም በዚህ ዙር ገብቷል።

ባለቃሪያው፦ በቃ «አምራቾች» በሉት።

ባለጎመኗ፦ አምራችማ ፋብሪካም ነው።

ባለቃሪያው፦ እንግዲያውስ ስሜን ከደብዳቤው አውጡት።

ጸሐፊ፦ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ አንድ ቃል! ስለ አስተርጓሚው አንድም ሰው አልጻፈም። ከቢሮው ቀጠሮ አስይዛለሁ ያለው ወንድማችንስ የት ገባ? ስልክ አያነሳም።

ባለቃሪያው፦ እውነቱን ልናገር። እኔ ደረሰኝ የለኝም። ሲልቨር ስፕሪንግ ላሉ ሱቆችና ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ በካሽ ነው የሸጥኩት። ያለኝ አንድ ደብተር ነው። «ቅዳሜ፣ ቃሪያ 3 ካርቶን፣ በሶብላ 12 እስር» እያለ ይቀጥላል። ግማሹን ገጽ ዝናብ አጥቦታል። ይዤው ብሄድ ውሸታም እባላለሁ ብዬ ነው የቀረሁት።

ገንዘብ ያዥ፦ አይፍሩ ጋሼ። የሸጡትን ራስዎ ፈርመው ነው የሚያረጋግጡት። ማስረጃ ከጠየቁ ግን ማሳየት አለብዎት። ደብተሩን እንዳይጥሉት፣ ዛሬውኑ ፎቶ ያንሱት። ሌላው፣ በማህበር ስም አይጠየቅም። ማህበሩ አላረሰም፣ አልሸጠም። ሁሉም በየስሙ ያመልክት።

ባለዶሮው፦ በየስሙ ከሆነ ደብዳቤው ምን ያደርጋል? ከሚመጣው ላይ እናዋጣና ማቀዝቀዣ ያለው መኪና እንግዛ። ማርች ላይ ምግብ ቤቶቹ ሲዘጉ ያ ሁሉ ጎመን የበሰበሰው ማቆያ ስላልነበረን ነው።

ባለጎመኗ፦ ይሄ ይሻላል። የእኔ ጎመን አበባ አውጥቶ እዚያው መደቡ ላይ ቀረ። በየጠዋቱ እየሄድኩ አየው ነበር። ጋሼ፣ ተናድጄ ነው የጻፍኩት፣ ይቅር በሉኝ። መኪናው ላይ ግን ስማችን ይጻፋል አይደል?

ባለቃሪያው፦ ይቅር ብዬሻለሁ ልጄ። እኔም ተቆጥቻለሁ። ይጻፍ። ግን ገበሬ ተብሎ።

ባለዶሮው፦ ስንት እንደሚያወጣ እኔ እጠይቃለሁ። አሮጌም ቢሆን ማቀዝቀዣው ይሥራ እንጂ።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ የአስተርጓሚውን ጥያቄ ለብቻው ነገ እልካለሁ። መግቢያዋን መስመር አውጥቻታለሁ። ቀጠሮ የሚያስይዝ ሌላ ሰው ግን እፈልጋለሁ።