ቱሉ ዲምቱ፣ የግቢያችን የመኪና ቻርጅ ማድረጊያ፦ ከስብሰባው በፊት እንወያይበት

ጸሐፊው፣ ብሎክ 7

ጎረቤቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ኮሚቴው ያዘጋጀውን ረቂቅ ይዤ መጥቻለሁ። ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከመቅረቡ በፊት እዚሁ እናብስለው።

ነገሩን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ባለፈው ሳምንት አንድ ማታ ብሎክ 11 መብራት ጠፋ። ጥበቃው የእጅ ባትሪውን ይዞ ሲዞር ከ3ኛ ፎቅ በረንዳ የወረደ ማከፋፈያ አገኘ። ገመዱ ግድግዳውን ተከትሎ ወርዶ፣ የልብስ ማስጫውን ሽቦ ተሻግሮ፣ ታች ከቆመ መኪና ጋር ተገናኝቷል። መጋጠሚያው ላይ ዝናብ እንዳይገባ ፌስታል ተጠቅልሎበታል። ጠዋት ሄጄ አየሁት። ነጩ ፕላስቲክ ቀልጦ ከቻርጀሩ ጥርስ ጋር ተጣብቋል። ጫፉ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። "ፎቶ አንስተህ ለሁሉም አሳይ" ያለኝ ባለመኪናው ራሱ ነው።

ግቢያችን ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና አምስት ደርሷል። መጨመሩም አይቀርም። መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ከጥር 2016 ጀምሮ አዲስ መኪና ልግዛ የሚል ሰው ምርጫው ጠቧል።

የኮሚቴው ረቂቅ እንዲህ ይላል። ከየቤቱ እኩል መዋጮ ይሰብሰብ። ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ አራት መኪና የሚያስተናግድ ቻርጅ ማድረጊያ ይሠራ። መብራቱ ከጋራ ቆጣሪ ይሳብ። ከዚያ በኋላ ከበረንዳ ገመድ ማውረድ ክልክል ይሁን።

እስቲ የመሰላችሁን ጻፉ።

ባለ ሚኒባሱ፣ ብሎክ 4

ጸሐፊያችን፣ ስለ ልፋትህ እግዜር ይስጥልን። ግን "ከየቤቱ እኩል" የምትለዋ ቃል አልተዋጠችልኝም።

እኛ ብሎክ ላይ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥታ አምባሻ ጋግራ መንገድ ዳር የምትሸጥ እናት አለች። መኪና ቀርቶ ብስክሌት የላትም። የእሷ መዋጮ ለሰው መኪና መብራት የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው? የጥበቃና የጽዳቱንም በስንት መከራ ነው የምትከፍለው።

እኔ የኤሌክትሪክ መኪና ጠላት አይደለሁም። በ2017 ቤንዚን በሊትር 101 ብር ከ47 ሲገባ ምን እንደተሰማኝ እኔና ባለቤቴ ነን የምናውቀው። ሰልፉንም አውቀዋለሁ። ማደያ ደጃፍ መሪ ላይ ተደፍቼ ያደርኩበት ሌሊት ብዙ ነው። ግን ከነዳጅ ሰልፍ ወደ ቻርጅ ሰልፍ ብዛወር ምን አተረፍኩ? ሚኒባስ እንጀራ የሚያበላው ሲሄድ ነው። ቆሞ ቻርጅ የሚያደርግበት ሰዓት ለልጆቼ ባዶ ሰዓት ነው።

ባትሪውስ ሲደክም? የኔ ሞተር ሲነክስ ሶማሌ ተራ ወርጄ፣ አሮጌ ዕቃ አማርጬ፣ በሁለት ቀን መንገድ ላይ ነኝ። የባትሪ ሶማሌ ተራ የት ነው ያለው? ይህን የሚመልስልኝ ሰው እስካላገኘሁ እጠራጠራለሁ። መጠራጠሬ ደግሞ ኋላ ቀርነት አይደለም። አንድ መኪና ብቻ ያለው ሰው ሲሳሳት የሚያነሣው ስለሌለው ነው።

ግድቡ አለ የምትሉኝም አላችሁ። ጳጉሜ 2017 ሲመረቅ ደስ ብሎኛል፣ ቦንዱንም ገዝቻለሁ። 5 ሺህ 150 ሜጋዋት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ማታ ማታ ምጣድ ሲበዛ አምፖላችን እንደ ኩራዝ የሚሆነው ግድብ ጠፍቶ አይደለም። ሰፈር ውስጥ ያለው መስመር ነው።

ብሎክ 2፣ 1ኛ ፎቅ

እኔም ከባለ ሚኒባሱ ጋር ነኝ። ምን አስቸኮለን? ሌሎች ግቢዎች ይሞክሩትና እንይ።

ባለ ገመዱ፣ ብሎክ 11፣ 3ኛ ፎቅ

የዚያ ገመድ ባለቤት እኔ ነኝ። አስቀድሜ የብሎኬን ሰዎች ይቅርታ እጠይቃለሁ። ያን ማታ ገመዱን ስሰበስብ መኪናው ሥር የልጆች ኳስ አገኘሁ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

"ሌሎች ይሞክሩት" ላልከው ወንድሜ፣ እኛ እኮ ሞክረነዋል። ሙከራው የቀለጠው ሶኬት ነው። ዛሬ ማታም ከአራት በረንዳ ገመድ ይወርዳል። እኔ አቁሜያለሁ፤ ሌሎቹ ግን ሌላ ምን ያድርጉ? ጠዋት ሥራ መግባት አለባቸው።

ያለኝን ልምድ ሳልደብቅ ልናገር። ሥራዬ ሜክሲኮ ነው። ደርሶ መልሱ 50 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል። መኪናዋ ለዚያ የምትፈልገው ከ8 እስከ 9 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስገዛት ተጨማሪ እሴት ታክስና ኤክሳይስ አልነበረባትም፣ ተገጣጥማ ለገባችው ጉምሩኩ 15 በመቶ ነበር። እንደዚያ ባይሆን በደመወዝ አልሞክረውም። ዘይት የለ፣ ፊልትሮ የለ። ቃሊቲ ላይ መንገዱ ሲዘጋጋ የቆመ መኪና ነዳጅ አያቃጥልም።

ክፉውንም ልንገራችሁ። ስክሪኑ ቻይንኛ ነበር። ለወራት ምልክቱን በቀለሙ ነው የለየሁት። አንድ ጊዜ ቢጫ መብራት በርቶ የሚያነብልኝ ጋራዥ ፍለጋ ሦስት ቀን ዞሬያለሁ። አዳማ ደግሞ በፍጥነት መንገዱ ስወርድ ባትሪው ብዙም አይነካም፣ ስመለስ ግን ይወርዳል። ከ400 ሜትር በላይ ዳገት ነው፤ ሁለት ቶን የሚጠጋ መኪና በ100 እየነዱ ያን መውጣት ይበላል። መጀመሪያ ጊዜ ሞጆ ላይ ላብ አጥምቆኛል። አሁን ሒሳቡን ሠርቼ ነው የምወጣው። ከመስከረም 2017 ወዲህ ታሪፉም በየሦስት ወሩ እያደገ ነው። ዛሬ የሚቀርልኝ ገንዘብ ለዘላለም አይደለም።

ባለ ሚኒባሱ ወንድሜ፣ መዋጮው ላይ ልክ ነህ። የመኪናዬን መብራት ሌላ ሰው እንዲከፍልልኝ አልፈልግም።

የምድር ቤቷ፣ ብሎክ 11

ገመዱ የሚወርደው በኔ መስኮት ነው። መጋረጃ ስከፍት የማየው እሱን ነው።

ቂም የለኝም፣ ጎረቤቴ መጥቶ አነጋግሮኛል። ግን ረቂቁን ያዘጋጀው ኮሚቴ ውስጥ ሴት አለች ወይ? ከጥበቃ ቤቱ ጀርባ "ባዶ ቦታ" ተብሏል። ባዶ አይደለም። የዕድሩ ድንኳን የሚጣልበት ነው። የብሎክ 9 አባት ያረፉ ጊዜ ለቅሶው የተቀመጠው እዚያ ነው። የሠርግ ዳሱም እዚያው ነው። ድንኳን ሲጣል መኪናዎቹን ማን ያነሣል? ሐዘንተኛ ነው ወይስ ባለመኪና ነው የሚለመነው? ሌላ ቦታ ይፈለግ። ከበሩ በስተግራ ያለው አጥር ሥር ልጆች አይጫወቱበትም፣ ድንኳንም አይጣልበትም።

እሳቱንም አስቡበት። የመኪና ባትሪ እሳት ከያዘ በባልዲ ውኃ የሚጠፋ አይደለም፣ ጠፋ ሲሉትም ተመልሶ ይነሣል ይባላል። ቢያንስ ከብሎኮቹ ራቅ ይበል። የእሳት አደጋ ቁጥሩ 939 በትልቁ ይጻፍ። የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት በርም ዕቃ እየተከመረበት ነው፣ እሱም ይጸዳ።

ጡረተኛው ኤሌክትሪሻን፣ ብሎክ 9

ልጆቼ፣ እኔ መኪና የለኝም፣ የመግዛትም ሐሳብ የለኝም። በመብራት ሥራ ግን ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። የማውቀውን ልንገራችሁ።

ሁሉም ሰው የሚፈራው መኪናውን ነው። እስቲ ከምጣድ ጋር አስተያዩት። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ ይስባል። መኪናው በቤት ሶኬት በ10 አምፔር ሲሞላ 2 ሺህ 200 ዋት ነው። ከምጣድ ያንሳል። ታዲያ ምጣዱ ያላቀለጠውን ሶኬት መኪናው ለምን አቀለጠው? ምጣድ እየሞቀ እየተወ ይሠራል፣ ጋገራው አልቆም ይነቀላል። መኪና ግን አንዴ ከተሰካ አራትና አምስት ሰዓት ሳያቋርጥ ይስባል። ያን ማከፋፈያ ሰንጥቄ አይቼዋለሁ። ላዩ ላይ 10 አምፔር ይላል፣ ውስጡ ግን ቀጭን፣ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ነው። መጋጠሚያው ላልቷል። የላላ መጋጠሚያ ይሞቃል፣ ሲሞቅ የበለጠ ይላላል። የቀለጠው ለዚህ ነው። ከሾክ የሚያድነው መሬት ሽቦም ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል።

ሁለተኛው ነገር ሰዓት ነው። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ግቢው ሁሉ ምድጃና ምጣድ ላይ ነው። አምፖሉ የሚደበዝዘውም ያን ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት አምስት መኪና ጨምራችሁ ሁሉንም አንድ ፌዝ ላይ፣ ማለትም ከሦስቱ የመብራት መስመሮች በአንዱ ላይ ብትሰኩ፣ በአንዱ ፌዝ ላይ 50 አምፔር ጫናችሁበት ማለት ነው። ብሎክ 11 መብራት የሄደውም ለዚህ ይመስለኛል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ቢሆን ግን ምጣዱ ሁሉ ተኝቷል። ባለ ገመዱ ልጄ ያልከው 9 ኪሎዋት ሰዓት በዚያ ጊዜ ውስጥ ሞልቶ ይተርፋል።

ሦስተኛ፣ ገመድ የተገጠመለትን ውድ ቻርጀር አትግዙ። የቻይናው መኪና መሰኪያና የአውሮፓው አይገጥሙም። ዛሬ ለአንዱ የገዛችሁት ነገ ለሌላው አይሆንም። ወፍራም የኢንዱስትሪ ሶኬት ይገጠም፣ ሰዉ የየራሱን ገመድ ይዞ ይምጣ። ለእያንዳንዱ ሶኬት የራሱ ብሬከር፣ የራሱ ንዑስ ቆጣሪ፣ ሾክ ሲኖር የሚቆርጥ ብሬከርም ይኑረው። መሬት ሽቦው በትክክል ይቀበር። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከሥር ከፍ ያለ ሲሚንቶ ያስፈልጋል። ክረምት ላይ ያ አጥር ሥር ውኃ ይቋጥራል።

ከጋራ ቆጣሪው መሳቡን አልደግፍም። የደረጃ መብራትና የውኃ ፓምፕ ነው የተሰካበት። እሱ ከተቃጠለ ሁላችንም ውኃ የለንም።

ባለ ሚኒባሱ፣ ብሎክ 4

ጋሼ፣ እንዲህ በግልጽ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ትራንስፎርመሩ ግን ይችላል ወይ?

ጡረተኛው ኤሌክትሪሻን፣ ብሎክ 9

ሳልለካ አልናገርም። ችሎታው ላዩ ላይ ተጽፏል። ማታ በ2 ሰዓትና ሌሊት በ6 ሰዓት በክላምፕ ሜትር፣ ሽቦውን ታቅፎ አምፔር በሚለካው መሣሪያ፣ የየብሎኩን መግቢያ ለክቼ በወረቀት እሰጣችኋለሁ። ትራንስፎርመሩ የእኛ አይደለም፣ እሱን የሚነካው መብራት ኃይል ነው።

ጸሐፊው፣ ብሎክ 7

ረቂቁን አፍርሼ ጻፍኩት። እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን ስጽፍ ያሰብኩት ስለ አምስቱ መኪናዎች ብቻ ነበር። ምድር ቤት ስላለችው እህታችንና ስለ ባለ አምባሻዋ እናት አላሰብኩም። ይህ የኔ ጥፋት ነው።

አዲሱ እንዲህ ይነበባል።

የማህበሩ አባላት በግቢው ውስጥ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ከበሩ በስተግራ ባለው አጥር ሥር እንዲሠራ ይጠይቃሉ። የድንኳኑ ቦታ አይነካም። የግንባታው ወጪ ተጠቃሚ ለመሆን በተመዘገቡ ባለመኪናዎች ይሸፈናል። ኋላ የሚገባ ሰው ድርሻውን ከፍሎ ይገባል። መኪና የሌለው ቤት ምንም አይከፍልም። ቦታው በኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሁላችን የጋራ ስለሆነ ተጠቃሚዎች በየወሩ የቦታ ኪራይ ለማህበሩ ይከፍላሉ፣ ገንዘቡም ለደረጃ መብራትና ለጥበቃ ይውላል። መብራቱ በማህበሩ ስም ከሚጠየቅ አዲስ የሦስት ፌዝ ቆጣሪ ይሳባል። እያንዳንዱ የተጠቀመበትን በንዑስ ቆጣሪው ይከፍላል። ቻርጅ የሚደረገው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ነው። ከበረንዳ ገመድ ማውረድ ከዛሬ ጀምሮ ይቆማል።

ባለ ገመዱ፣ ብሎክ 11፣ 3ኛ ፎቅ

ኪራዩን እቀበላለሁ። "ከዛሬ ጀምሮ" የሚለው ግን ሌሎቹን አራት ሰዎች ያስጨንቃል። ቆጣሪ እስኪመጣ ወራት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ የት ይሂዱ? ከተማ ወርደው ተሰልፈው ቻርጅ ማድረጉ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

የምድር ቤቷ፣ ብሎክ 11

ለጊዜው ጋሼ ያዩትና ያጸደቁት ወፍራም ገመድ ብቻ ይፈቀድ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት አይሰካ፣ በመስኮትና በልብስ ማስጫ በኩል አይለፍ። ልጆች ከመውጣታቸው በፊት ይሰብሰብ። በዚህ እስማማለሁ።

ባለ ሚኒባሱ፣ ብሎክ 4

መኪናውን አሁንም አልገዛም። የባትሪው ጥያቄ አልተመለሰልኝም፣ ጥርጣሬዬ ቃለ ጉባኤው ላይ ይመዝገብልኝ። ለረቂቁ ግን እጄን አነሣለሁ። አንድ ነገር ጨምሩበት። ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የሚገባው ደብዳቤ "ለመኪና ቆጣሪ ስጡን" ብቻ አይበል። የጋሼ ልኬት ይያያዝና ትራንስፎርመሩ ካነሰ እንዲቀየር ይጠይቅ። ያኔ ባለ አምባሻዋም ሌሊት ስትጋግር መብራቱ አይደክምባትም። እንደዚያ ከሆነ ፊርማ ከብሎክ 4 ቤት ለቤት ዞሬ አሰባስባለሁ።

ጸሐፊው፣ ብሎክ 7

ጨምሬዋለሁ። የጊዜያዊ ገመዱንም እህታችን እንዳለችው አስገብቻለሁ።

ጡረተኛው ኤሌክትሪሻን፣ ብሎክ 9

እሑድ ማታ በ2 ሰዓት እጀምራለሁ። የእንጨት መሰላል ያለው ሰው ያውሰኝ፣ የብረት አልፈልግም። ከየብሎኩ አንድ ሰው የቆጣሪ ሳጥኑን ቁልፍ ይዞ ይጠብቀኝ።

ባለ ገመዱ፣ ብሎክ 11፣ 3ኛ ፎቅ

መሰላሉ እኔ ጋ አለ፣ ጋሼ። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደጅዎ አደርሰዋለሁ።