ከጣና ዳር ወደ ሜዲትራኒያን፦ በፍልሰታ ጾም በመርከብ ለምንጓዝ ባልና ሚስት ምክር ፈልጌ ነበር

ጡረተኛው መምህር፦

ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተምሬ አሁን በጡረታ ላይ የምገኝ ሰው ነኝ። ጀርመን የምትኖረው ልጃችን የዓመት ፈቃዷን ይዛ፣ ሮም አጠገብ ካለው ከቺቪታቬኪያ ወደብ ተነሥቶ ናፖሊን፣ ፓሌርሞን፣ ቫሌታን፣ ባርሴሎናንና ማርሴይን አዳርሶ እዚያው በሚመለስ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ እኔንና እናቷን ለሰባት ሌሊት ልታሳፍረን ቆርጣለች። ጉዞው ከነሐሴ 3 እስከ 10 ድረስ ነው። ደስታው ደስታ ነው፤ ሆኖም ከእኔ ይልቅ ስለ ባለቤቴ የሚያሳስቡኝ ነገሮች አሉ።

አንደኛው ማዕበሉ ነው። ባለፈው የካቲት 16 ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ልንሳለም ወደ ዘጌ ስንሻገር ጠዋት ሐይቁ እንደ መስታወት ተኝቶ ስለነበር ከእኔ ጋር እያወራች ሄደች፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ስንመለስ ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ባሕር ዳር እስክንደርስ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። የአንድ ሰዓት መንገድ ይህን ካደረጋት ሰባት ሌሊት ምን ያደርጋት ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። ሁለተኛው ጾሙ ነው፤ የፍልሰታን ጾም ከልጅነቷ ጀምሮ አቋርጣ አታውቅም፣ ዓሣም አትቀምስም። ሦስተኛው ደግሞ ልጃችን መስኮት የሌለው፣ መስኮት ያለው ወይም በረንዳ ያለው ክፍል እንድንመርጥ ልካልን መልስ ሳንሰጣት መቆየታችን ነው። የሄደ ሰው ካለ ያየውን ቢነግረኝ ውለታው አይረሳኝም።

የሽምብጥ እናት፦

መምህር፣ እንኳን ደስ አለዎት። እኔ ከሁለት ዓመት በፊት ከልጄ ጋር በዚያው ባሕር ላይ ተጉዣለሁ፤ እንደ እትዬም ጀልባ የማይስማማኝ ሰው ስለሆንኩ ከክፍሉ ልጀምር። መርከብ በማዕበል ሲመታ እንደ ሚዛን ነው፤ ጫፍና ጫፉ ከፍና ዝቅ ይላል፣ መሀሉ ግን ብዙም አይነቃነቅም። ከፍተኛው ፎቅም እንደ ባሕር ዛፍ ጫፍ ከግንዱ የበለጠ ይወዛወዛል። ስለዚህ ልጅዎ ስትመዘግብ በመርከቡ ርዝመት መሀል ላይ፣ ከታችኞቹ ፎቆች በአንዱ ያለ ክፍል ትጠይቅ። መስኮት የሌለው ርካሽ ነው፤ መብራቱ ሲጠፋ ግን ቀንና ሌሊቱ አይለይም፣ ማዞር ሲጀምርም ዓይን የሚያርፍበት የለውም። በረንዳ ያለው ደግ ነው፣ ነገር ግን እኔን ብትጠይቁኝ ለእናንተ መስኮት ያለው ይበቃል፤ ንጹሕ አየር ለመቀበል ሰፊ መተላለፊያና መቀመጫ ውጭ ሞልቷል።

የማዞሩ ምክንያት፣ ሐኪም እንዳስረዳኝ፣ ውስጠኛው ጆሯችን እየተንቀሳቀስን ነው ሲል ዓይናችን ደግሞ የክፍሉ ግድግዳ አልተነቃነቀም ስለሚል አእምሮ ስለሚምታታበት ነው። አድማሱን ማየት የሚረዳው ለዚህ ነው። እነዚያ ትልልቅ መርከቦች ከውሃው በታች በግራና በቀኝ እንደ ዓሣ ክንፍ የሚዘረጉ ማረጋጊያዎች ስላሏቸው ከዘጌ ጀልባ ጋር አይነጻጸሩም፤ በነሐሴም ሜዲትራኒያን አብዛኛውን ጊዜ የተረጋጋ ነው። እኔን የፈተነኝ አንድ ሌሊት ብቻ ነበር፤ እርሱም በባርሴሎናና በማርሴይ መካከል፣ የሊዮን ባሕረ ሰላጤ በሚባለው ስፍራ፣ ሚስትራል የሚሉት የሰሜን ነፋስ ሲነሣ ነው። በዚያ ሌሊት በጠረጴዛው ላይ ያለው የውሃ ብርጭቆ ቀስ እያለ ወደ እኔ ሲንሸራተት፣ ከዚያም ተመልሶ ሲሄድ ተኝቼ እመለከተው ነበር። ክኒኑን ቀድሜ ስለዋጥኩ ግን አላስመለሰኝም። ሜክሊዚን ወይም ዳይመንሃይድሪኔት የሚባሉት መድኃኒቶች የሚጠቅሙት ሕመሙ ከመጀመሩ አንድ ሰዓት ያህል አስቀድሞ ሲወሰዱ ነው፤ ከጀመረ በኋላ እምብዛም አይረዱም። እንቅልፍ ያመጣሉ፣ ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ወይም የፕሮስቴት ችግር ላለበት ሰውም አይስማሙም፤ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም ጠይቁ። ዝንጅብል ማኘክም ረድቶኛል።

ስለ ጾሙ የምለው ከስሕተቴ የተማርኩትን ነው። የመጀመሪያው ማታ ለአስተናጋጁ ሥጋ አልበላም አልኩት፤ ዓሣ አመጣልኝ። በማግሥቱ ዓሣም አልበላም አልኩ፤ እንቁላልና አይብ አመጣ። በሦስተኛው ቀን ልጄ ቪጋን የሚለውን ቃል በወረቀት ጽፎ ሰጠውና ነገሩ አለቀ፤ ያ ቃል ሥጋ፣ ዓሣ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሌለበት ማለት ስለሆነ ከእኛ ጾም ጋር ይገጥማል። ልጅዎ ይህን ገና ስትመዘግብ ታሳውቅ፤ ከተሳፈራችሁ በኋላም የአስተናጋጆቹን ኃላፊ አነጋግሩ። ለእኔ በየማታው የነገውን የምግብ ዝርዝር አምጥቶ ያስመርጠኝ ነበር። የሕንድ ምግብ ባለበት ቀን ምስሩ የእኛን አልጫ ይመስላል። እትዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ደግሞ ባዶ ሆድ ማዞርን ስለሚያብስ፣ ስለ መንገደኛ ጾም አስቀድመው የንስሐ አባታቸውን ቢያማክሩ መልካም ነው።

የጀልባ ዘዋሪው፦

ጋሼ፣ እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ የማውቀው ጣናን ነው። ሰዎች ትልቅ መርከብ ጣና ላይ ለምን አይመጣም እያሉ ይጠይቁኛል። እንዲህ ያለ መርከብ ከውሃ በታች ያለው አካሉ ብቻ ስምንት ሜትር ገደማ ነው፤ የጣና ጥልቀት ደግሞ ብዙው ቦታ ላይ ከዚያ እምብዛም አይበልጥም፣ በጣም ጥልቅ በሆነበትም 15 ሜትር ያህል ነው። የሐይቃችን ማዕበል አጭርና ተደጋጋሚ የሆነውም ውሃው ጥልቀት ስለሌለው ነው፤ ጀልባዋን ቶሎ ቶሎ ስለሚመታት ሰው ያጥወለውለዋል። ስለዚህ እትዬ ጣና ላይ ስለታመሙ ባሕር ላይ ይታመማሉ ማለት አይደለም። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እስከ ደብረ ማርያም ድረስ ብቻ ይዘዋቸው ይውጡና ከጀልባዋ አፍንጫ ሳይሆን ከኋላ በኩል መሀሉ ላይ ያስቀምጧቸው፤ ስልክ አያዩ፣ መጽሐፍም አያንብቡ፣ ማዶ ያለውን ዳር ብቻ ይመልከቱ። ልዩነቱን ያዩታል።

የጉዞ ወኪል ሠራተኛ፦

ክቡር መምህር፣ ሌሎቹ ያላነሡትን የወረቀት ጉዳይ ላክል። የጠቀሷቸው ወደቦች በጣሊያን፣ በማልታ፣ በስፔንና በፈረንሳይ ያሉ ናቸው፤ አራቱም አገሮች በሼንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ በሚያስገቡት የአውሮፓ አገሮች ውስጥ ስለሆኑ ለዚህ መስመር አንድ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ይበቃል። ይሁንና መርከቦች አንዳንድ ጊዜ ወደብ ስለሚለውጡ፣ በአንዱ ምትክ ቱኒዝ ቢገባ ከሼንገን ወጥታችሁ መመለሳችሁ ነውና ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ቢጠይቁ ይሻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በየትኛው ኤምባሲ እንደሚያመለክት ነው። ማመልከቻው የሚቀርበው ረጅሙን ጊዜ ለምትቆዩበት አገር ነው፤ ከመርከቡ በኋላ ልጅዎ ጋ ጀርመን ሁለት ሳምንት የምትቀመጡ ከሆነ ጉዳዩ የጀርመን እንጂ የጣሊያን አይደለም። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድን ይጠየቃል። መድኑን ሲገዙ በባሕር ላይ የሚደርስ ሕመምንና በሄሊኮፕተር ማውጣትን እንደሚሸፍን ያረጋግጡ፤ የመርከብ ሐኪም ክፍያ ቀልድ አይደለም። ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ መቅረብ ስለሚችል እስከ ሰኔ አይጠብቁ።

ስለ ስንቅም ልናገር። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣው እንዲያስገባ አይፈቅድም፤ ለልጅዎ ቋንጣና ንጥር ቅቤ ይዘው ለመሄድ አስበው ከሆነ አየር ማረፊያ ላይ ይወረሳል። መርከቦቹም አብዛኞቹ በፋብሪካ ያልታሸገ የቤት ምግብ አያስገቡም።

የአባቱ ልጅ፦

ጋሼ፣ የእኔ ምክር ስለ ሰዓት ነው፤ ቀላል ይመስላል፣ እኛን ግን አባታችንን ናፖሊ ላይ ሊያስቀርብን ነበር። መርከቡ የሚያድለው የዕለቱ ፕሮግራም ሁሉም ሰው ተመልሶ መሳፈር ያለበትን ሰዓት 4:30 ብሎ፣ ከቀትር በኋላ መሆኑን በሁለት ትንንሽ የፈረንጅ ፊደላት ብቻ አመልክቶ ነበር። አባቴ እኔ ከእናቴ ጋር ክፍል ውስጥ ሳለሁ ወረቀቱን አይቶ፣ እስከ ምሽቱ አራት ተኩል ጊዜ አለኝ ብሎ ብቻውን ወረደ። ስልክ አልያዘም። እኔ ከላይ ሆኜ ወደቡን እየቃኘሁ ሳለ ሠራተኞቹ መሳፈሪያው ላይ የተዘረጋውን የጥላ ሸራ መጠቅለል ጀመሩ፤ እናቴ ሥዕለ ማርያሟን በእጇ ይዛ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ያን ጊዜ አባቴ በወረቀት ከረጢት ኮክ ይዞ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ በዝግታ እየተራመደ ብቅ አለ። የዳነው ደክሞት ቀደም ብሎ ስለተመለሰ እንጂ ሰዓቱን ስላወቀ አልነበረም። ኮኩንም በሩ ላይ ወሰዱበት፤ ትኩስ ፍራፍሬ ይዞ መግባት አይቻልም ነበርና። እስከ ዛሬ የሚያማርረው ስለ ኮኩ ነው።

ራሱ ባዘጋጀው ጉብኝት የወረዱ መንገደኞች ካልሆኑ በቀር መርከቡ ማንንም አይጠብቅም፤ የቀረ ሰው በራሱ ወጪ እስከሚቀጥለው ወደብ ይከተላል። ስለዚህ በየጠዋቱ ፕሮግራሙን ይዛችሁ በእስክርቢቶ የእኛን ሰዓት ጎኑ ላይ ጻፉበት፤ 4:30 ከቀትር በኋላ ማለት አስር ተኩል ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ በነሐሴ የጣሊያን ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ ከባሕር ዳር አድርገውት የሄዱትን የእጅ ሰዓት ሮም ሲያርፉ ያስተካክሉት። ስልኩንም መርከቡ ሲነሣ በአውሮፕላን ሁነታ ላይ ያድርጉት፤ ባሕር መሀል ላይ ስልኩ በራሱ የመርከቡን የሳተላይት ኔትወርክ ይይዝና ሳታወሩበት እንኳ ያስከፍላል።

ጡረተኛው መምህር፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሰዓቱን ነገር ለባለቤቴ ሳነብላት ስቃ ሳትጨርስ፣ ይህ አንተን ነው አለችኝ። መስኮት ያለውን መሀል ላይ እንድትይዝልን ለልጃችን ዛሬውኑ ጽፌላታለሁ። አሁን ደግሞ ባለቤቴ የራሷን ጥያቄ ጨምራለች፤ ጀበናና ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዘን ክፍላችን ውስጥ ቡና ብናፈላ፣ ጥቂት ዕጣንም ብናጨስ ይከለከላል ወይ ትላለች። ገንዘብስ ምን ያህል በእጅ መያዝ ያስፈልጋል?

የሽምብጥ እናት፦

እትዬን በሳቅ ሳሙልኝ፤ እኔም ይህንኑ ጠይቄ ነበር። ምድጃ፣ ካውያ፣ ውሃ ማፍያና ሻማ ሳይቀር ሻንጣ ሲፈተሽ ይወሰዳሉ፤ ዕጣንማ የጭስ መቆጣጠሪያውን ያስጮኸዋል። ባሕር መሀል ላይ ከማዕበል ይልቅ የሚፈሩት እሳትን ነው። በመጀመሪያው ቀን ከመነሣታችሁ በፊትም ሁሉም መንገደኛ በአደጋ ጊዜ የት እንደሚሰበሰብ ይማራል፤ ሰባት አጭርና አንድ ረጅም የጡሩንባ ድምፅ ከሰማችሁ ምልክቱ ያ ነው። በጥር 2012 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ኮስታ ኮንኮርዲያ ጣሊያን ዳርቻ ላይ ዐለት መትታ 32 ሰው ሲሞት፣ በዚያው ቀን የተሳፈሩት ገና ይህን ትምህርት አላገኙም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደንቡ ጠብቋል። ሰልችቷችሁ እንዳትቀሩ።

ጥሬ ገንዘብ መርከቡ ላይ አያስፈልግም፤ የክፍላችሁ ካርድ በር ይከፍታል፣ ሒሳብም ይይዛል፣ መጨረሻ ላይ ልጅዎ ትከፍላለች። ግን ታውቀው ዘንድ፣ ለሠራተኞች የሚሆን ጉርሻ በየቀኑ በእያንዳንዱ ሰው ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከ10 ዩሮ በላይ፣ ራሱ ይታሰባል። ለወደብ ታክሲና ለውሃ ጥቂት ዩሮ በትንንሹ ያዙ። መድኃኒትና ፓስፖርት ከእጅ ቦርሳ አይውጣ፤ ትልቁን ሻንጣ ወደቡ ላይ ተረክበው ክፍል የሚያደርሱት ከሰዓታት በኋላ ነው። የመጨረሻውም ሌሊት ሻንጣው በር ላይ ወጥቶ ስለሚያድር፣ የጠዋት ልብስ አስቀሩ፤ አንድ ሽማግሌ በፒጃማ ሲወርዱ አይቻለሁ፣ ኮት ግን ደርበውበታል።

ለቡናው መላ አለው። እትዬ ቆልተውና ፈጭተው፣ በደንብ አሽገው ይያዙ፤ ቡፌው ጋ ሙቅ ውሃ ሌሊትም ቀንም አለ፣ በትንሽ ማጥለያ እያጠለሉ ውጭ ወንበር ይዘው ይጠጡ። ሲኒ ግን ከቤት ይዘው ይሂዱ፤ የመርከቡ ኩባያ ለአቦል አይሆንም።